ለደረቅና ለእርጥብ መንገድ የሚስማማ የመኪና ጎማ አመራረጥ

መግቢያ

ተሽከርካሪ ከመንገድ ጋር የሚገናኘው በአራቱ ጎማዎች አማካይነት ብቻ ነው። የአንድ የቤት መኪና ጎማ በማንኛውም ቅጽበት አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ አዋቂ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፍሬኑ የሚይዘው፣ መሪው የሚታዘዘው፣ የሞተሩም ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው መዳፍ በሚያክሉት በእነዚህ አራት ቦታዎች ነው። በመሆኑም የጎማ ምርጫ የዋጋና የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሽከርካሪውን፣ የተሳፋሪውንና የእግረኛውን ሕይወት በቀጥታ የሚመለከት ውሳኔ ነው።

ብዙ ገዢዎች ሰፊ የሆነውን፣ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራውን ወይም ረጅም ጊዜ ያገለግላል የሚባለውን ጎማ ያስቀድማሉ። እነዚህ መመዘኛዎች ተገቢ ቢሆኑም አንዳቸውም ጎማው ዝናብ በጣለበት መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ አይናገሩም። በደረቅ መንገድ ብልጫ ያለው ጎማ በእርጥብ መንገድ ደካማ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ ጎማ መመረጥ ያለበት መንገዱ በሚመችበት ቀን ሳይሆን በሚከፋበት ቀን ለሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ጎማ በደረቅና በእርጥብ መንገድ የሚሠራው እንዴት ነው?

በደረቅ አስፋልት ላይ የጎማው ላስቲክ ከመንገዱ ሸካራ ገጽ ጋር በቀጥታ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ መንገዱን የሚነካው ላስቲክ በበዛ ቁጥር አያያዙ ይሻሻላል። ለመኪና ውድድር የሚሠሩ የደረቅ መንገድ ጎማዎች ጭራሽ ጥርስ የሌላቸው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚሁ ጎማዎች ግን ዝናብ ሲዘንብ ወዲያውኑ ወልቀው ጥርስ ባላቸው የዝናብ ጎማዎች ይተካሉ።

መንገዱ ሲረጥብ ጎማው ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ውሃ መግፋትና በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች በኩል ማስወጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው አስፋልቱን መያዝ የሚችለው። በመንገዱ ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢኖርና መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጎማ በእያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከመንገዱ ማስወገድ ይኖርበታል። የጎማው ስፋት 245 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይህ መጠን ወደ 11 ሊትር ያድጋል። ሰፊ ጎማ በደረቅ መንገድ ጥቅም ቢኖረውም በእርጥብ መንገድ ተጨማሪ ሸክም የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የጎማው ላስቲክ ውህድም የራሱ ድርሻ አለው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ የቤት መኪና ጎማዎች ሲሊካ የተባለ ማዕድን ተቀላቅሎባቸው ይመረታሉ። ሲሊካ ላስቲኩ በእርጥብ አስፋልት ላይ የተሻለ እንዲይዝ ከማድረጉም በላይ ለነዳጅ ቁጠባ ይረዳል። ሁለት ጎማዎች በመልካቸውና በጥርሳቸው ቅርጽ ቢመሳሰሉም በውህዳቸው ልዩነት ምክንያት በዝናብ ላይ ያላቸው አያያዝ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል።

በውሃ ላይ መንሳፈፍ

ጎማው ውሃውን በፍጥነት ማስወጣት ሳይችል ሲቀር በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ስስ የውሃ ንብርብር ይገባል። በዚህ ጊዜ መኪናው ቃል በቃል በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪ ቢዞርም ሆነ ፍሬን ቢረገጥ መኪናው ለጊዜው አይታዘዝም። ለዚህ ሁኔታ የሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች ፍጥነት፣ የውሃው ጥልቀት፣ የጥርስ ማለቅና የነፋስ ማነስ ናቸው።

የአሜሪካ የጠፈርና የአቪየሽን ተቋም (ናሳ) ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባካሄዱት ጥናት፣ ውሃ በሞላበት መንገድ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከጎማው የነፋስ መጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን በቀመር አሳይተዋል። በዚህ ቀመር ሲሰላ፣ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ ያለው ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ ነፋሱ ወደ 22 ፒ.ኤስ.አይ. የወረደ ጎማ ግን በሰዓት 78 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንሳፈፍ ይጀምራል። አሃዙ እንደ ጎማውና እንደ መንገዱ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ቢልም ትምህርቱ አንድ ነው፦ የጎማ ነፋስ ማነስ በዝናብ ጊዜ አደጋው ዝቅ ባለ ፍጥነት እንዲደርስ ያደርጋል። በክረምት የጎማ ነፋስ መቀነስ ይጠቅማል የሚለው አባባልም በአስፋልት መንገድ ላይ ትክክል አይደለም።

የጥርስ ጥልቀትና ለማቆም የሚያስፈልግ ርቀት

የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ በየቦታው ትናንሽ የላስቲክ ጉብታዎች ይገኛሉ። እነዚህ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል በሆኑ ጊዜ የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጎማው ያለ ምንም ማመንታት መለወጥ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቤት መኪና ጎማ ሕጋዊ ዝቅተኛ ጥልቀትም ይኸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሆኖም በዚህ ደረጃ ላይ የሚገኝ ጎማ ውሃ የሚያስወጣበት ቦይ ጥልቀት አዲስ ከነበረበት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ስለሆነም ዝናብ በሚበዛበት ወቅትና አካባቢ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጎማቸውን እንዲለውጡ የመንገድ ደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ያለ ጥሩ ጎማ የአያያዝ መጠኑ 0.8፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ያለ ጥሩ ጎማ 0.5፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ያለ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ 0.3 ነው ብለን እንውሰድ። ፍሬን ከተረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት እንደሚከተለው ይሆናል።

• በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 12 ሜትር፣ በእርጥብ በጥሩ ጎማ 20 ሜትር፣ በእርጥብ ባለቀ ጎማ 33 ሜትር።
• በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 31 ሜትር፣ በእርጥብ በጥሩ ጎማ 50 ሜትር፣ በእርጥብ ባለቀ ጎማ 84 ሜትር።
• በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 49 ሜትር፣ በእርጥብ በጥሩ ጎማ 79 ሜትር፣ በእርጥብ ባለቀ ጎማ 131 ሜትር።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሁለት መኪኖች በእርጥብ መንገድ ላይ እኩል ፍሬን ቢይዙ፣ ጥሩ ጎማ ያለው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ ጎማው ያለቀበት መኪና ገና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያ ቦታ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ቢኖር በሕይወትና በሞት መካከል የሚለየው የጎማው ጥርስ ይሆናል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚህ ፍጥነት 22 ሜትር ተጨማሪ ርቀት እንደሚጓዝም መዘንጋት የለበትም።

የጎማ ዓይነቶችና የሚስማሙበት ሁኔታ

1. ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠሩ ጎማዎች፦ ላስቲካቸው ለስላሳ፣ ጎናቸው አጭርና ጠንካራ፣ ጥርሳቸውም ሰፋፊ ነው። በደረቅ መንገድና በኩርባ ላይ በጣም ጥሩ ይይዛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሰፋፊ ቦዮች ያሏቸውና ጥሩ ውህድ የተጠቀሙት በእርጥብ መንገድም ብቁ ናቸው፤ በአንጻሩ ለውድድር ሜዳ የቀረቡትና ቦያቸው አነስተኛ የሆነው በዝናብ ጊዜ አደገኛ ናቸው። ፈጥነው የሚያልቁ በመሆናቸውም የጥርሳቸው ጥልቀት በተደጋጋሚ መለካት አለበት። ጎናቸው አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ጎማውም ቸርኬውም በቀላሉ ይጎዳል።

2. ለመደበኛ ጉዞ የተሠሩ ጎማዎች፦ ረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ያነሰና በደረቅም በእርጥብም መካከለኛ አያያዝ ያላቸው ናቸው። ለአብዛኛው የከተማና የአገር አቋራጭ ጉዞ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው።

3. የአውሮፓ የበረዶ ወቅት ጎማዎች፦ በጎናቸው ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምስል ይታያል። የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለሚወርድባቸው አካባቢዎች የተሠሩ ናቸው። ይህ ምልክት ለሁሉም ወቅት በተሠሩ አንዳንድ ጎማዎች ላይም ስለሚገኝ የጎማውን ዓይነት ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር ከገቡ ያገለገሉ መኪኖች ጋር አብረው የመጡ የበረዶ ጎማዎች በሞቃት አስፋልት ላይ ከመጠን በላይ ስለሚለሰልሱ የፍሬን ርቀትን ያረዝማሉ፤ ፈጥነውም ያልቃሉ።

4. ለጥርጊያና ለጭቃ መንገድ የተሠሩ ጎማዎች፦ ጥርሳቸው ትላልቅና የተራራቀ ነው። በገጠር መንገድ እጅግ ጠቃሚ ቢሆኑም አስፋልቱን የሚነካው ላስቲካቸው ጥቂት በመሆኑ በእርጥብ አስፋልት ላይ አያያዛቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ፒክአፕና ተመሳሳይ ተሽከርካሪዎችን በአብዛኛው በከተማ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ይህን ዓይነት ጎማ ባይመርጡ ይመረጣል።

በጎማው ጎን ላይ ያሉ ጽሑፎች ምን ይላሉ?

በጎማው ጎን ላይ ለምሳሌ «205/55 አር 16 91 ቪ» የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደላት ሊገኝ ይችላል። ትርጉሙም እንደሚከተለው ነው።

• 205፦ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር።
• 55፦ የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎኑ አጭር ነው።
• አር፦ የጎማው ውስጣዊ አሠራር ራዲያል መሆኑን ያመለክታል።
• 16፦ ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ መጠን በኢንች።
• 91፦ የጭነት መለኪያ። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 88 ግን 560 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።
• ቪ፦ የፍጥነት ደረጃ። ቲ በሰዓት 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ኪሎ ሜትርን ይወክላሉ።

የፍጥነት ፊደሉ የሚናገረው ጎማው በዚያ ፍጥነት የሚፈጠረውን ሙቀትና ጫና መቋቋም እንደሚችል እንጂ በእርጥብ መንገድ ላይ ስላለው አያያዝ አይደለም። ስለ እርጥብ መንገድ የሚናገሩት ሌሎች ሁለት ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው በአሜሪካ ደረጃ መሠረት በጎማው ጎን ላይ «ትራክሽን» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚጻፈው ፊደል ነው፤ ከፍተኛው ደረጃ ኤኤ፣ ቀጥሎ ኤ፣ ከዚያ ቢ፣ ዝቅተኛው ሲ ነው። ይህ ደረጃ የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ በቀጥታ መስመር ፍሬን በመያዝ ነው። ሁለተኛው በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ መሠረት በአዲስ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሲሆን፣ ዝናብ በሚያሳየው ምስል አጠገብ ከኤ እስከ ኢ ያለ ደረጃ ይሰጣል። ሁለት ጎማዎችን ሲያወዳድሩ ከሁሉ አስቀድመው እነዚህን ይመልከቱ።

«ትሬድዌር» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር የቆይታ መለኪያ ነው። ቁጥሩ 200 ወይም 300 የሆነ ጎማ በአብዛኛው ለስላሳና ፈጥኖ የሚያልቅ ሲሆን፣ 500 ወይም 600 የሆነው ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

የምርት ጊዜን ለማወቅ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት ጋር በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ። ለምሳሌ 3023 ማለት እ.ኤ.አ. በ2023 በ30ኛው ሳምንት፣ ይኸውም በሐምሌ 2015 ዓ.ም የተመረተ ማለት ነው። ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማም በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል። በርካታ አምራቾች ጎማ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተመረተ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲለወጥ ያሳስባሉ።

አገጣጠምና የነፋስ መጠን

ተስማሚ ጎማ መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በትክክል መገጠምም አለበት። አንዳንድ ጎማዎች የሚዞሩበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አላቸው። ሌሎች ደግሞ ወደ ውጭ መሆን ያለበትን ጎን የሚያመለክት ጽሑፍ አላቸው። በተቃራኒው ከተገጠሙ ቦዮቹ ውሃን በታሰበው መንገድ ማስወጣት አይችሉም። ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ ምልክቶቹን አብረው ያረጋግጡ።

አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ መለወጥ የማይቻል ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎችን መግዛትና አዲሶቹን ከኋላ ማስገጠም ይመከራል። ብዙ ሰዎች መሪው ያለው ከፊት ነው በሚል አዲሱን ከፊት ያስገጥማሉ። ሆኖም በእርጥብ ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ቢንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ስለሚገፋ ፍጥነት በመቀነስ መቆጣጠር ይቻላል፤ የኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናው በቅጽበት ይዞራል፤ ይህን ሁኔታ መመለስ ለሠለጠነ አሽከርካሪም አስቸጋሪ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ የጥርስ ጥልቀት ልዩነት ሌላ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል የአምራቹን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል።

ትክክለኛው የነፋስ መጠን የሚገኘው በአሽከርካሪው በር አካባቢ በተለጠፈው ሰሌዳ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን እንጂ የሚመከረው መጠን አይደለም። ነፋስ መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ሲሆን፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት መደረግ አለበት። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱ አሽከርካሪዎች የሙቀቱም ሆነ የከፍታው ለውጥ የነፋሱን ንባብ ስለሚቀይረው ከደረሱ በኋላ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ቢለኩ ይመከራል።

የአካባቢና የተሽከርካሪ ልዩ ሁኔታዎች

በአገራችን ከፍተኛ ዝናብና ከፍተኛ ቁልቁለት በአንድ ቦታ የሚገናኙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የዓባይ በረሃና የጣርማበር ቁልቁለቶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት መንገዶች የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች ከቆይታ ይልቅ የእርጥብ መንገድ ደረጃን ማስቀደም ይኖርባቸዋል። በከተማ ውስጥ ደግሞ የረጠበ ኮብልስቶን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለምና የብረት ክዳኖች ከአስፋልቱ የበለጠ ያንሸራትታሉ። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ በመንገዱ ላይ ከተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ጋር ስለሚቀላቀል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥንቃቄ ይሻል።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመደረጉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ተመሳሳይ መጠን ካላቸው የነዳጅ መኪኖች ይከብዳሉ፤ ሲነሱም ሙሉ ጉልበታቸውን ወዲያውኑ ያገኛሉ። በዚህም ጎማቸው ፈጥኖ ሊያልቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ሲለወጥ የጭነት መለኪያው አምራቹ ካዘዘው በታች እንዳይሆን፣ መመሪያው የሚጠይቅ ከሆነም «ኤክስ.ኤል.» የሚል ምልክት ያለው የተጠናከረ ጎማ እንዲገዛ ጥንቃቄ መደረግ አለበት።

ጎማ ሲገዙ ሊከተሏቸው የሚገቡ ደረጃዎች

1. በመኪናዎ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ በማንበብ የጎማ መጠኑን፣ የጭነት መለኪያውንና የፍጥነት ደረጃውን ይመዝግቡ።
2. በአብዛኛው የሚጓዙበትን መንገድና ከዚያም ውስጥ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ክፍል ያስቡ።
3. መጠናቸው ተስማሚ ከሆኑት ጎማዎች መካከል በቅድሚያ የእርጥብ መንገድ ደረጃቸውን፣ ቀጥሎ የቆይታ ቁጥራቸውን፣ በመጨረሻም ዋጋቸውን ያወዳድሩ።
4. የምርት ጊዜውን በራስዎ ያንብቡ።
5. ያገለገለ ጎማ ከመግዛት ቢቆጠቡ ይመረጣል፤ የግድ ከሆነ የጥርሱን ጥልቀት፣ ዕድሜውን፣ በጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት አለመኖሩን ያረጋግጡ።
6. ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ያስቀምጡም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው።
7. ከተገጠመ በኋላ ባላንስና አላይመንት ያስደርጉ፤ የስኮርታውን ጎማ ሁኔታም አብረው ይመርምሩ።

ማጠቃለያ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ በምርመራው ዕለት ብቁ የነበረ ጎማ ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቦሎ መለጠፍ የአሽከርካሪውን የዕለት ተዕለት ኃላፊነት አይተካም። ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት ወር የአራቱንም ጎማዎች ጥርስ፣ ዕድሜና ነፋስ መመርመር ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም።

በመጨረሻም የትኛውም ጎማ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከመጠን ያለፈ ፍጥነትን አያካክስም። ዝናብ ሲዘንብ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ያለውን ርቀት ማስፋት፣ ውሃ የተኛበትን ቦታ ከማለፍ በፊት ቀስ ማለት፣ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ከተከሰተም መሪውን አጽንቶ በመያዝ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሳት ይገባል። ጥሩ ጎማና ጥንቃቄ የተሞላበት አነዳድ አንድ ላይ ሲሆኑ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።